ለአንዲት አህያ የሚበቃ ጭነት

አንድ የሲራራ ነጋዴ ነበረ። ቆይ ትርሲት፣ ላፕቶፕሽን ዝጊውና ስሚኝ፤ ጥያቄሽ ገብቶኛል። ወንዙ ሲሞላ የታች ሰፈሩን የምታስጠነቅቅ ትንሽ መሣሪያ ሠርተሻል። ከርነሉ፣ ያ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ለማኅደረ ትውስታዋ በዝቶ አልገባ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትቀንሺ ከረምሽና «መምህር፣ ከዚህ በላይ ምን ልቀንስ?» አልሽኝ። መልስሽ ያለው እዚህ ነጋዴ ዘንድ ነው።

ነጋዴው አርባ በቅሎ አስከትሎ አገር ላገር ይዞር ነበር። ሊነሳ ሲል የጉዞ ዕቃውን ስም አባቱ ባስተማሩት ተራ ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ጫኞቹም «አለ!» እያሉ ይመልሱለታል። ድንኳን? አለ! ወፍጮ? አለ! ለኬላ ጠባቂ የሚሰጥ ማር? አለ! አንዱ እንኳ «አለ» ሳይባል ከቀረ ንቅንቅ አይልም። ለአርባ በቅሎ መልካም ልማድ ነው፤ መንገድ ላይ ተቸግሮ አያውቅም።

አንድ ዓመት ከገደሉ ማዶ ያለ መንደር ጎተራው ተቃጠለና የሚዘራው አጣ። ዝናቡ ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል፤ ሳይዘሩ ከገባ ዓመቱን ይራባሉ። ነጋዴው ደግ ሰው ስለነበረ የዳጉሳ ዘር ሊልክላቸው ወሰነ። የገደሉ መንገድ ግን ቀጭን ነው፤ ከአንዲት አህያ በላይ አያሳልፍም። ወንድሟ እዚያ መንደር የሚኖር አንዲት መበለት አህያዋን እየነዳች መጣች።

ነጋዴው እንደ ልማዱ ዕቃ ይጠራ ጀመር። ሁሉም «አለ!» መባል አለበት፤ አህያዋ ደግሞ ትንሽ ናት። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ማሳነስ ያዘ። ድንኳኑን ለሁለት ቀደደው። ትልቁን ወፍጮ በትንሽ ለወጠ። የማሩን ገንቦ በቅል ተካ፤ በዚያ ገደል ላይ ኬላ የለም እኮ! እንዲህ ሲያሳንስ ዋለና የአህያዋ ጉልበት ይንቀጠቀጥ ጀመር።

መበለቲቱ ቆማ ስታይ ቆይታ ጠየቀችው።

«ጌታዬ፣ አህያዬ ምን ልታደርስ ነው የምትሄደው?»

«ዘር ነዋ!»

«ዘሩስ የታለ?»

ዘሩ መሬት ላይ ተቀምጧል። «ቦታ ሲገኝ ይጫናል» አላት።

ሴትዮዋ ጠፍሩን ፈትታ ያን ሁሉ ዕቃ ዘረገፈችው። ዘሩን ብቻ በስልቻ ጭና አህያዋን ለሙከራ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ቁልቁለት ነዳቻት። ጥቂት እንደሄደች ስልቻው ወደ አንገቷ ተንሸራተተ። ነጋዴው «ይኸው፣ አየሽ!» ብሎ ሳቀ። እሷ ግን ጭነቱን ከጭራዋ ሥር የሚይዝ አንድ ጠፍር ጨምራ እንደገና ነዳቻት። አሁን ደግሞ ከቁልቁለቱ ሥር ያለውን ጅረት ስትሻገር ስልቻው ላይ ውኃ ተረጨ፤ አንድ ቁርበት አለበሰችው። በሦስተኛው ሙከራ አህያዋ ምንም ሳይጎድላት ወርዳ ተመለሰች። መበለቲቱ ለራሷ ቆሎ በመቀነቷ ቋጥራ መንገድ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ደረሰች። ዝናቡ በአምስተኛው ጣለ፤ ዘሩ ያን ጊዜ አፈር ውስጥ ነበር።

ትርሲት፣ ነጋዴው አንቺ ነሽ። አትቆጪ፤ እኔም ስንት ዓመት እሱን ሆኜ ኖሬያለሁ። የያዝሽው ከርነል ለትልቅ ኮምፒውተር የተሰናዳ ነው፤ የፕሪንተሩም የካሜራውም የድምፁም ሁሉ ነገር አለበት። አንቺ እያንዳንዱን ታሳንሻለሽ፤ ውኃውን የሚለካው ፕሮግራምሽ ግን ቦታ አጥቶ ውጭ ቆሟል።

«ምን ልቀንስ?» ማለቱን ተዪው። ሁሉንም አጥፊ፣ መጀመሪያ የፕሮግራምሽን ቦታ ያዢለት፣ ከዚያ መሣሪያዋን አስነሺያት። አትነሳም፤ እንደማትነሳ ካሁኑ ልንገርሽ። ስትወድቅ ግን ምን እንደጎደላት ስክሪንሽ ላይ ትጽፍልሻለች። ያንን አንዱን ብቻ ጨምሪና ድገሚ። መልእክት የምትጽፍበትንም ክፍል ቦታ ይፈጃል ብለሽ ቶሎ እንዳትቆርጪባት፣ ዱዳ ታደርጊያታለሽ። ስድስት ጊዜም አሥር ጊዜም ትወድቅ ይሆናል። ግድ የለም፣ ትደርሻለሽ። እዚህ ጠረጴዛሽ ላይ የፈለገችውን ያህል ትውደቅ፤ ወንዙ በሞላ ቀን ብቻ አትውደቅ።