በተራራው የሌለ ዋሻ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ደመናው ሲጠቁር፣ አራዊት ሁሉ መጠለያ ሊለምኑ ወደ አንበሳ ተራራ መጡ። የተራራው ደንብ እንዲህ ነበር። አንበሳ ለጠየቀው ሁሉ «ፈቅጃለሁ» ይላል፤ ዋሻውን የሚያሳየው ግን የተፈቀደለት ሊገባ በመጣ ዕለት ብቻ ነው። ያን ዕለት እግሩን ያስገባበት ዋሻ የእሱ ይሆናል። ብዙዎቹ ጠይቀው ስለሚቀሩ፣ ተራራው እስካሁን ለሁሉም በቅቶ ነበር።

መውለጃዋ የደረሰ አህያ ቀርባ፣ «ጌታዬ፣ አንድ ዋሻ ይፍቀዱልኝ» አለች።

«ፈቅጃለሁ።»

ጅብ እየተጋፋ መጣ። «ለእኔ ሃያ!»

«አያ ጅቦ፣ ሃያ ዋሻ ምን ሊያደርግልህ?» አለች ቀበሮ። ለማን ስንት እንደተፈቀደ፣ ማንስ ስንቱ ውስጥ እንደገባ በቃሏ ይዛ የምትናገረው እሷ ነበረች።

«በአንዱ እተኛለሁ፣ በአንዱ አጥንት እቆረጥማለሁ፣ በቀሩት... በቀሩት ደስ ይለኛል!»

አራዊቱ ሳቁ። አንበሳም እየሳቀ «ፈቅጃለሁ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቀበሮ ቋጥኝ ላይ ወጥታ «ለአያ ጅቦ ሃያ! ለእመት አህዪት አንድ!» እያለች በለፈፈች ቁጥር፣ ጅብ ጎምለል እያለ አህያን «አንቺ ምስኪን፣ አንድ ብቻ?» ይላት ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደ። አራዊት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ተራራው ሮጡ። ጅብ ቀድሞ ደረሰ። አንበሳ እንደ ደንቡ ባዶውን እያሳየው፣ እሱ በየዋሻው እግሩን እያስገባ «ይሄም የኔ! ያም የኔ!» አለ። አህያ ምጥ ይዟት እየተንገዳገደች ስትደርስ ባዶ ዋሻ አልነበረም።

«ጌታዬ፣ ፈቅደውልኝ ነበር እኮ!»

አንበሳ ክው አለ። «ቀበሮ! ተራራው ስንት ዋሻ አለው?»

«ሠላሳ።»

«የፈቀድኩትስ?»

«መቶ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል።»

«ምነው ሳትነግሪኝ!»

«ለማን ስንት እንደፈቀዱ ስለፍፍ ከረምኩ። ተራራው ስንት እንዳለው ግን ጠይቀውኝ አያውቁም።»

አህያ በረዶው ላይ ተንበረከከች።

«አሁን ከሁሉ ብዙ የያዘው ማነው?» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ፊቷን ወደ ጅብ አዞረች።

«እኔ? የያዝኩት እኮ እርስዎ የፈቀዱልኝን ነው! እሺ አምስት ልልቀቅ! አሥር ልልቀቅ!»

«ቦታ ሲያልቅ ብዙ የያዘው ጨርሶ ይወጣል» አለና አንበሳ በአንድ ጥፊ ከተራራው ቁልቁል አሽቀነጠረው። ሃያውም ዋሻ ባዶ ሆነ።

አህያ ገብታ ውርንጭላዋን በደህና ወለደች። ከአራዊቱ ግን የሳቀ አልነበረም። ጅብ ሆዳም ቢሆንም ያልተፈቀደለትን አልወሰደም ነበር። ሁሉም በየጥጉ ተሸጉጦ፣ ከጅብ ቀጥሎ ብዙ የያዘው ማን እንደሆነ በዓይኑ ይፈልግ ጀመር። አራት ዋሻ የያዘው ከርከሮም ማንም ሳያየው ከሦስቱ ሹልክ ብሎ ወጣ።

ከዚህ የምንማረው፣ ያለውን ሳይቆጥር ለጠየቀው ሁሉ ቃል የሚገባ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ቃሉን ያመነውን አውጥቶ እንደሚጥል ነው።