የተዋሰውን ቅል የሸጠው ቀበሮ

ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋኝ አንድ አገር፣ አራዊት በደቦ የውሃ ወፍጮ ተከሉ። ድንጋይ ላንከባለለና ቦይ ለቆፈረ ሁሉ እንደ ድካሙ የቅል ስባሪ ተሰጠው። አንድ ቅል በሳምንት አንድ ቁና ያስፈጫል። ሕጉም አንድ ነበር፦ ቅል ያለው ቦይ ይጠርጋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ።

እትዬ ጃርት ዐሥር ቅል ነበራት። እንዳይቀላቀሉባት ከጀርባዋ በነቀለችው ወስፌ እያንዳንዱን በሳችው። ጥርሷ የረገፈ እናት አለቻት፤ ገንፎ ካልሆነ አትበላም። ስለዚህ ጃርት ያንን ወፍጮ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምታየው።

አንድ ቀን አያ ቀበሮ ጅራቱን እየቆላ መጣ።

«እትዬ ጃርት፣ እንደምን አደርሽ? እስቲ ቅሎችሽን ለሁለት ሳምንት አውሺኝ። ስመልስ አንድ ማሰሮ ማር እመርቅልሻለሁ።»

«ማርስ እናቴም ትወዳለች፤ የሁለት ሳምንት ዱቄትም አለን። ውሰድ፤ ብቻ እንዳትጥልብኝ!» አለች። ጎረቤቷ ሽማግሌው ኤሊ ጥግ ሆኖ ይሰማ ነበር።

ቀበሮ በሮጠበት እግሩ አያ ጅቦ ዘንድ ሄዶ አንዱን ቅል በአንድ ዶሮ፣ ዐሥሩንም በዐሥር ዶሮ ሸጠለት። ከዚያ ጦጢትን ጠራና «ለማንም እንዳትነግሪ፤ የወፍጮው ድንጋይ ተሰንጥቋል» አላት። ለጦጣ አትንገሪ ማለት እኮ አዋጅ ማስነገር ነው! ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ አገር ምድሩ ሰማ። ሄዶ ያየ ግን አንድም አልነበረም። ሁሉም ቅሉን በአንድ አንድ እንቁላል ይጥለው ጀመር፤ ቀበሮም በዐሥር እንቁላል ዐሥር ቅል ለቀመ። ቅዳሜ ቦይ የሚጠርግ ጠፋ፤ ደለል ሞላው፤ ወፍጮውም የምር ቆመ።

«አላልኩም?» አለ ቀበሮ።

«ልጄ፣ ገንፎው የት ደረሰ?» አለች የጃርት እናት። ጃርት ብድግ ብላ ወፍጮው ዘንድ ሄደች። ድንጋዩን ዙሪያውን ዳሰሰችው፤ ስንጥቅ የሚባል የለም። «ምነው፣ አንድ እንኳ መጥቶ የሚያይ ይጥፋ!» ብላ ተናደደች፤ ቦዩ ውስጥም ገባች። ስትዝቅ ውላ፣ ወደ ማታ ድንጋዩ ድርርር አለ። አገሩ ሁሉ እያፈረ ወጣ።

በማግስቱ ቀበሮ ዐሥር ቅልና ማሰሮውን ይዞ መጣ። ጃርት ቅሎቹን አገላብጣ አየች፤ አንዱም አልተበሳም።

«የእኔዎቹስ?»

«ቅል ቅል ነው፤ ምን ለየው?»

ኤሊ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አያ ቀበሮ፣ “አበድሪኝ” ነበር ያልካት ወይስ “አውሺኝ”?»

«እሱስ “አውሺኝ” ነው» አለ ቀበሮ ጅራቱን ሸጉጦ።

«እህል የተበደረ ሌላ እህል ይከፍላል። መጥረቢያ የተዋሰ ግን ያንኑ መጥረቢያ ይመልሳል። በል፣ ያንኑ አምጣ።»

ቀበሮ ወደ ጅብ ሮጠ። «አያ ጅቦ፣ እነዚያን ቅሎች ሽጥልኝ።»

ጅብ ጆሮውን ቀሰረ። «ወፍጮው ድርርር እያለ? እሺ፣ ላንተ ሲባል ለአንዱ ሦስት ዶሮ።»

ቢለምን ቢያለቅስ ወይ ፍንክች! ቀበሮ ዋሻውን አራግፎ፣ የመጨረሻዋን ጫጩት ጨምሮ፣ የጃርትን ቅሎች አስመለሰ። በእጁ የቀሩት ያልተበሱት ዐሥሩ ብቻ ናቸው። ቅዳሜ ሊሸሽ ሲል አራዊቱ ሁሉ ጮኹ፦ «ቅል ያለው ቦይ ይጠርጋል!»

ቀበሮ አንገቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ሲዝቅ፣ የጃርት እናት ደጇ ላይ ገንፎዋን በማር ታጣጥም ነበር። እየሳቀችም «ልጄ፣ ዛሬስ ገንፎው ደርሷል!» አለች ይባላል።

እኔ ተረቱን ፈጨሁ፤ ዱቄቱ የእናንተ ነው፦ ወሬ ድንጋይ ባይሰብርም ቦይ ይደፍናል፤ በተዋሰው የነገደም የራሱን ሰጥቶ ሄደ።