ነገ ብሎ የተረጎመው ሰው

አንድ የባቡር ከተማ ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት ነበረ፤ በሲኒማ ቤቱም አንድ አስተርጓሚ። ፊልሙ የሕንድ ነው፣ ተመልካቹ ሕንድኛ አያውቅም፣ አስተርጓሚውም ቢሆን ብዙ አያውቅም። ሥራው ግን መጮህ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም። ኢድሪስ ይባላል። ግድግዳውን ተደግፎ ይቆምና ተዋናዩ አንድ ቃል ሲናገር እሱ አሥር ይናገራል። ሰውም የሕንዶች ቋንቋ እንዴት ቁጥብ ነው እያለ ይደነቃል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ የፍቅር ፊልም ታየ። በዚያን ጊዜም እንኳ አሮጌ፣ ጥቁርና ነጭ፣ በየመሀሉ እየተቆረጠ የሚቀጠል ፊልም ነበር። የሀብታም ልጅና አንድ ከበሮ መቺ ይዋደዳሉ፤ አባትየው ይለያያቸዋል። መጨረሻ ላይ ከበሮ መቺው ጀልባ ላይ ሆኖ፣ ወንዙ ዳር ለቀረችው ልጅ "ካል… ካል…" እያለ ይርቃል። ኢድሪስ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ "ነገ! ነገ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ።

ከሚያለቅሱት አንዷ አሰገደች የምትባል የሃያ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበረች። አጠገቧ የተቀመጠው እጮኛዋ ደምስ በሳምንቱ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ነው። ባቡሩ ሊነሳ ሲል "መቼ ትመጣለህ?" ብትለው፣ በመስኮቱ ብቅ ብሎ "ከበሮ መቺው ምን አለ?" ሲል ሳቀባት። እሷም መልስ አገኘሁ ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ደምስ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ሦስተኛው አልመጣም። አሰገደች ግን ጠበቀች። ሰው ሲመክራት "ፊልሙን አላያችሁም? የወደደ ይጠብቃል" ትላለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የከተማውን ሙሽሮች ሁሉ ቀሚስ ሰፋች፤ የራሷን ልክ ግን አልወሰደችም።

ከቤቷ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ለገሠ የሚባል አናጺ ነበረ፤ ሚስቱ ሞታበታለች። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ሌላ ጊዜ "አብረን እንኑር" ብሎ ጠይቋት "እኔ የሰው ነኝ" ብላ መልሳዋለች። ዘንድሮ መጋዙንና መላጊያውን ሳይቀር ሸጠና ደጃፏ ላይ ቆሞ "ማክሰኞ በአውቶቡስ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ" አላት። ቶሎ ግን አልሄደም። እሷ የስፌት መኪናዋን እያየች "መልካም መንገድ" አለች። እሱ ከሄደ በኋላ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። አትሂድ ልበለው፣ ወይስ ልጠብቅ? ያላት ሦስት ቀን ነበር።

እሑድ የእህቷ ልጅ ሩሐማ ያንን ፊልም ከኢንተርኔት አግኝታ፣ ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን በስልኳ ይዛ መጣች። አክስቷን ደስ ላሰኝ ብላ ነው። ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"አክስቴ፣ ስሟን እንኳ ሳይጠይቃት ሦስት ዘፈን ዘፈነላት እኮ!"

"ዝም ብለሽ እዪ።"

"ወንዝ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ፀጉሩ አልረጠበም! ደግሞ ዛፉን ምን ሆነው ነው የሚዞሩት?"

"እናንተ ደግሞ ስም ጠይቃችሁ በሳምንቱ ትረሱታላችሁ። እዪ አልኩሽ።"

አፏ እንዲህ ቢልም አሰገደች ራሷ ግራ ገብቷታል። ያኔ ልቧን ያቃጠላት ከበሮ መቺ አሁን ጢም ያላበቀለ ልጅ ሆኖ ታያት። ስትረግመው የኖረችው አባት ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ምስኪን ሽማግሌ ነው። ከዚያ ጀልባው መጣ፤ "ካል… ካል…" የሚለው ድምፅም ተሰማ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "የእኛ ነገር ትናንት ነበረ። ትናንት ቀረ። አትጠብቂኝ።"

"መልሺው" አለች አሰገደች። ሩሐማ መለሰችው።

"አሁንም መልሺው።"

በሦስተኛው ሩሐማ ስልኩን ትታ የአክስቷን እጅ ያዘች።

ሰኞ ጠዋት አሰገደች ኢድሪስን ፍለጋ ሄደች። ጥርሱ አልቆ በልጁ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጧል።

"ጋሽ ኢድሪስ፣ 'ካል' ምን ማለት ነው?"

"ያኔ የምሠራው አንድ ሕንዳዊ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ነበር" አለ ሽማግሌው። "ማታ ሱቁን ስንዘጋ 'ካል' ይለኛል፤ በማግስቱ እመጣለሁ። ነገ ማለት ነው አልኩ። ነጋዴው አገሩ ሊገባ ሱቁን ለመጨረሻ ጊዜ የዘጋ ዕለት ባዶ መደርደሪያውን እያሳየኝ 'ካል፣ ካል' ብሎ አለቀሰ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ በእነሱ ቋንቋ ነገም ትናንትም አንድ ቃል ነው፣ እህቴ። የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። እኔ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን አላውቅም ነበር።"

"ካወቅህ በኋላስ? ስጠብቅ እያየህ ለምን አልነገርከኝም?"

"ደስ ብሎሽ የምትኖሪ መስሎኝ።"

"የደስታዬ ጠባቂ ማን አደረገህ?"

"ልክ ነሽ፣ ጥፋተኛ ነኝ" አለ ኢድሪስ። "ግን ደምስ አግብቶ መውለዱን ወንድሙ ገበያ መሀል ሲናገር አንቺም ሰምተሻል። ሃያ ዓመት አለፈው። እኔ የተሳሳትኩት አንድ እሑድ ነው፣ አሰገደች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የተረጎምሽው አንቺ ነሽ።"

አሰገደች ከዚያ በቀጥታ ለገሠ ቤት ሄደች። ቤቱ ባዶ ነው፤ ለገሠ በገመድ የታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል።

"ጋሼ ለገሠ፣ አትሂድ ልልህ ነው የመጣሁት።"

አናጺው አንገቱን ደፋ። "የምሄደው ለመኖር አይደለም። ሐኪሙ ከጥቂት ወር በላይ አልሰጠኝም። ልጄ እጅ ላይ ልሁን ብዬ ነው።"

"እኔም አስታምምሃለሁ።"

"ያኔ የጠየቅኩሽ እንድታስታምሚኝ አልነበረም። ራት ብቻዬን መብላት ሰልችቶኝ ነው። አንቺንም እንደሰለቸሽ አውቅ ነበር። የስፌት መኪናሽ በራት ሰዓት ይቆምና ገና ሁለት ጉርሻ ሳይበላ እንደገና ሲነሳ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ።"

ማክሰኞ ሻንጣውን ተሸክማ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችው። በኅዳር መርዶው መጣ። አሰገደች ሐዘን ተቀመጠች፤ ለቀስተኛው ግን ምኑ ናት ብሎ እንደሚያጽናናት አላወቀም።

እንግዲህ ኢድሪስ ላይ ለመፍረድ የቸኮላችሁ፣ ትንሽ ቆዩ። ሌላ ሰው የነገረን ስህተት የእሱ የሚሆነው እስከምንጠራጠርበት ቀን ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስህተቱ የራሳችን ነው፣ የምንይዘውም ስለሚመቸን ነው። መጠበቅ የሚያምረው የሚመጣ ሰው ሲኖር ነው። የሚመጣ ከሌለ፣ ታማኝነት ብለን ስም ያወጣንለት ነገር አጠገባችን ያለውን ሰው በከንቱ ማስጠበቅ ነው።

እናንተስ የማይመጣውን ስትጠብቁ፣ ማንን እያስጠበቃችሁ ነው?