ዳንቴል የለበሰው ሣጥን

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁም፣ አስናቀ፤ አትቁነጥነጥ። «አባቴን ወደ ቤቴ አምጥቼ ከሁሉ የተሻለው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ እንዳይደክሙ ብዬ ክር እንኳን በመርፌ እንዳያስገቡ ከለከልኩ፤ እሳቸው ግን አፋቸው ተዘጋ፤ ምን አጎደልኩባቸው?» ነው ያልከኝ። መልሱ ያለው እዚህ ሰውዬ ዘንድ ነውና ዝም ብለህ ስማ።

ሰውየው ራዲዮ ጠጋኝ ነበረ። በዚያው ከተማ አንድ ባለጸጋ ነበረ፤ ባለጸጋው ደግሞ ከአባቱ የወረሰው ትልቅ ሣጥን ነበረው። ከጥሩ እንጨት የተሠራ ሆኖ ከላይ ቴሌቪዥን፣ ከሥር ራዲዮ ነው፤ መዝጊያና ቁልፍም አለው። ሽማግሌው አባቱ በሕይወት ሳሉ አመሻሹ ላይ መስኮታቸውን ከፍተው ሣጥኑን ወደ ውጭ ያዞሩት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ግቢያቸው ተሰብስቦ ዜናውንም ዘፈኑንም ይሰማል። ጠጋኙ ሙያውን የወደደው በጎረምሳነቱ እዚያ ግቢ ቆሞ ነው። «ድምፅ ሣጥን ውስጥ እንዴት ይገባል?» ብሎ እንቅልፍ አጣ፤ እንጀራውም ከዚያ እንቅልፍ ማጣት ተገኘ።

ሽማግሌው ሲሞቱ ሣጥኑ ለልጅየው ደረሰ። ልጅየው አባቱን ይወድ ነበርና ሣጥኑንም አከበረው። ሚስቱ ሁለት ክረምት ሙሉ በኪሮሽ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው፤ እስከ እግሩ የሚወርድ፣ ከሥሩም የከፋይ ገበር ያለው። ከዳንቴሉ ላይ የአባትየው ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉ አጠገብ የአበባ ማስቀመጫ ተቀመጠ። ጀርባውን ግድግዳ አስደግፈው ቆለፉት። «አባቴን ያገለገለ ዕቃ ነው፤ አሁን ይረፍ» አለ ባለጸጋው። ለዓመት በዓል ብቻ ይከፈታል። ያኔም ቢሆን ዳንቴሉ ከፊት ለፊቱ ገለጥ ይላል እንጂ ከላዩ አይወርድም፤ እንግዳ ፊት ራቁቱን ይቁም እንዴ።

በአንዱ ፋሲካ፣ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ፣ ሣጥኑ አጓራና ጸጥ አለ። ጠጋኝ ተጠራ፤ ውስጡ ከሚበሩት የመስታወት አምፖሎች የተቃጠለውን ለውጦ አስነሣው። በሚቀጥለው በዓል ደግሞ ጸጥ። ሌላ ጠጋኝ መጣ፣ ሌላ አምፖል ተለወጠ፤ እንደገና ጸጥ። ሦስተኛው «ዘመኑ አልፏል፣ ቁርጣችሁን ዕወቁ» ብሎ ሄደ። ባለጸጋው ተናደደና አናጢ ጠራ። «ሆድ ዕቃውን አውጥተህ ጣልና የመጠጥ መደርደሪያ አድርግልኝ» አለው። አናጢውም «እሑድ መጋዜን ይዤ እመጣለሁ» አለ።

ወሬው ጠጋኛችን ጆሮ ሲደርስ ልቡ ድንግጥ አለ። እሱን ሰው ያደረገው ሣጥን ጠርሙስ ሊደረደርበት ነው። ሮጦ ሄደና «እስከ እሑድ ይስጡኝ» ብሎ ለመነ።

«ሦስት ሰው ያልቻለውን?» አለ ባለጸጋው እየሳቀ።

«ካቃተኝ ለአናጢው መጋዙን ራሴ እይዝለታለሁ።»

ቃሉ ከአፉ አመለጠው እንጂ፣ መመለስ ቢቻል ኖሮ እዚያው በመለሰው ነበር።

ለአናጢው ተብሎ አስቀድሞ ልብሱ የተገፈፈውን ሣጥን በጋሪ ጭኖ ወደ ሱቁ ወሰደ። ሐሙስ ዕለት አቧራውን በብሩሽ ጠረገ፣ የዛገውን አጸዳ፣ የተቃጠለውን አምፖል ለወጠ። ዓርብ ሣጥኑ ተናገረ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሥራው አለቀ ብሎ ይመልሰው ነበር። እሱ ግን አላማረውም፤ ከእሱ በፊት የሞከሩት ሁለቱ ጠጋኞችም እስከዚህ ደርሰው ነበርና። ጎንበስ ብሎ ውስጡን እንደገና ሲያይ፣ ጥቃቅኖቹ የውስጥ ዕቃዎች የተለበጡበት ሰም በሙቀት ቀልጦ ከታች ረግቷል። «በዓመት ሦስት ጊዜ የሚሠራ ዕቃ ሰሙ እንዴት ይቀልጣል?» ብሎ ራሱን ያዘ። ሱቁ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ሲለፈልፉ የሚውሉ አሮጌ ራዲዮኖች አሉ፤ የአንዳቸውም ሰም አልፈሰሰም። ሰሙን አገኘው፤ ወርቁ ግን ከሣጥኑ ውጭ፣ ባለጸጋው ቤት እንዳለ ገባው።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሣጥኑን መለሰው። ሰፈሩ ወሬውን ሰምቶ ግቢውን ሞልቶታል። አናጢው መጋዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ጠጋኙን ሲያይ «እጅህን አሟሙቅ፣ መጋዙ ከባድ ነው» አለው። ጠጋኙም ሣጥኑን ሳሎን አስገብቶ ቦታው ላይ አስቀመጠና ከፈተው፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። የባለጸጋው ሚስት ደስ ብሏት ዳንቴሉን አመጣችና አለበሰችው።

«እሜቴ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለ ጠጋኙ።

«ልብሱ ነዋ። ሁለት ክረምት ነው የፈጀብኝ።»

ጠጋኙ ከዓርብ ጀምሮ ሲፈልገው የነበረው በሽታ በሰው ሁሉ ፊት ተዘርግቷል። ቢናገር የቤቱን እመቤት በጎረቤት ፊት ማሳፈር ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ግን ዝም ቢል ሣጥኑ ነገ ከነገ ወዲያ ሊሞት ነው። ትንሽ አሰበና፣ «እሜቴ፣ ሁለት ዘፈን እስኪያልቅ እጅዎን ከዳንቴሉ ሥር ያቆዩልኝ» አላት።

አስገባች። መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ሲጀመር ፊቷ ተለወጠ፤ የዘፋኙም ድምፅ መሻከር ጀመረ። ዘፈኑ ሳያልቅ እጇን ከግለቱ መንጭቃ አወጣችና ወደ ባሏ ዞረች።

«ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ታፍኖ ነው» አለች። «ያፈንነውም እኛው ነን።»

ማንም ምንም ሳይላት ፎቶግራፉን አነሣች፣ አበባውን አነሣች፣ ዳንቴሉን ገፈፈችው። የሁለት ክረምት ድካሟን ግን አልጣለችውም። ወንዶቹን ሣጥኑን አንሡልኝ ብላ፣ ዳንቴሉን አጣጥፋ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አነጠፈችውና «በሉ አሁን አስቀምጡት፤ ፊቱንም ወደ መስኮቱ አዙሩት» አለች።

መስኮቱ ተከፈተ። ድምፁ እንደ ድሮው ግቢውን ሞላው። ጥቂት ቆይቶ የቴሌቪዥኑ መስታወት ነጣ፣ ጥላ መጣበት፣ ጥላውም የሰው ፊት ሆነ። ሽማግሌውን የሚያውቁ አረጋውያን ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አናጢው «እኔማ ለጠርሙሱ ሌላ እንጨት አላጣም» ብሎ መጋዙን በጋዜጣ ጠቀለለና ከጨፋሪዎቹ ተቀላቀለ። ባለጸጋው ዓይኑ እንባ አቅርሮ የጠጋኙን ትከሻ ያዘ።

«አባቴ የተመለሱ መሰለኝ። ምን ላድርግልህ?»

«በየቀኑ ይክፈቱት። አሮጌ ዕቃን ሥራ አይገድለውም» አለ ጠጋኙ።

ባዶ ጋሪውን እየገፋ፣ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። የሣጥኑ ድምፅ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሸኘው። ከዚያ ቀን ወዲህም ያ መስኮት ሲመሽ ተዘግቶ አያውቅም።

እንግዲህ አስናቀ፣ ሣጥኑ የአንተው አባት ናቸው። አርባ ዓመት ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። አንተ ግን ወንበር ላይ አስቀምጠህ፣ ጋቢ ደራርበህ፣ የስፌት መኪናቸውን ዕቃ ቤት ቆለፍክባቸው። እንግዳ ሲመጣ ብቻ «አባቴ እኒህ ናቸው» እያልክ ታሳያቸዋለህ። «ይረፉ» አልክ። በአማርኛችን «አረፈ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፤ መርዶ ነጋሪም የሚለው ይህንኑ ነው። አክብሮትህን አልነቅፍም፤ የጫንክበትን ቦታ ነው የምነቅፈው። ከላያቸው አንሣውና ከሥራቸው አንጥፈው።

ደግሞ ከመጣህ ጀምሮ አንድ ነገር እያየሁ ዝም ብዬሃለሁ። የሱሪህ ጫፍ ተተርትሮ መሬት ይጠርጋል። አርባ ዓመት የሰፋ ሰው ቤትህ ቁጭ ብሎ! በል ተነሥ፤ ዕቃ ቤቱን ክፈትና «አባዬ፣ ይችን ሱሪ ይስፉልኝ» በላቸው።