አልዞርም ያለችው ግማሽ አበባ

ኑ ተሰብሰቡ፣ ተረት አለኝ። የኮምፒውተር ተረት ነው ብላችሁ ግን እንዳትሸሹ።

አዝመራ ለአንድ ብረት ሥራ ቤት የበር ንድፍ በኮምፒውተር ትሠራ ነበር። ነገ ታናሽ እህቷ ለምለም ታገባለች፤ የግቢያቸው በር ግን ገና አልተቆረጠም። በር ከሌለ ልጃገረዶቹ ምን ዘግተው ሙሽራውን "አናስገባም" ይሉታል? አዝመራ ጭንቅ ጥብብ አላት። የበሩን የግራ ክንፍ ከነግማሽ አበባው ስላ ጨርሳለች፤ የቀኙን ኮምፒውተሩ ከግራው ገልብጦ ያወጣዋል።

"አበባዬ፣ ወደ ቀኝ ዙሪና ሙሉ ሁኚልኝ" አለቻት።

"መሃል መስመር ካልቆመልኝ አልዞርም!" አለች አበባዋ።

መስመሩን "ቁምላት" አለችው።

"የት ልቁም? በሩን የለካሽው ምሰሶዎቹ ሳይለሰኑ ነው። ልስኑ ስፋቱን በላው፤ አዲስ ልክ አምጪ!" መስመሩ አልቆምም አለ፣ አበባዋ አልዞርም አለች።

ቤት ደወለች። "አያ ይማም፣ አንተ ነህ የለሰንከው፣ እስቲ ለካልኝ።"

"የዳሱ እንጨት ምሰሶው ላይ ተከምሮ ምኑን ልለካ?" ይማም አልለካም አለ፣ መስመሩ አልቆምም አለ፣ አበባዋ አልዞርም አለች።

ዳስ ጣዮቹን በዚያው ስልክ ለመነች።

"አባትሽ ቦታ ሳያሳዩን የት እንውሰደው?" ዳስ ጣዮቹ አናነሣም አሉ፣ ይማም አልለካም አለ፣ መስመሩ አልቆምም አለ፣ አበባዋ አልዞርም አለች።

"አባባ፣ አፈር ስሆን፣ ይውጡና ያሳዩአቸው!"

"ለምለም እህል አልቀምስም ብላ ታለቅሳለች። ጥያት የት ልሂድ?" አባቷ አልወጣም አሉ፣ ዳስ ጣዮቹ አናነሣም አሉ፣ ይማም አልለካም አለ፣ መስመሩ አልቆምም አለ፣ አበባዋ አልዞርም አለች።

መብራት ቢጠፋስ ብላ አዝመራ ለምለምን ወደ ስልኩ አስጠራቻት። "ለምለምዬ፣ በሞቴ ብዪ! ለበርሽ ስል ነው!"

"በር መች አማረኝ? አንቺን ነው ከጠዋት ጀምሮ የምጠብቀው!" ለምለም አልበላም አለች፣ አባቷ አልወጣም አሉ፣ ዳስ ጣዮቹ አናነሣም አሉ፣ ይማም አልለካም አለ፣ መስመሩ አልቆምም አለ፣ አበባዋ አልዞርም አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሩ ሰበብ ነበር። እህቷ ስትሄድባት ማየት ፈርታ ነው ኮምፒውተር ጀርባ የተደበቀችው። ብድግ ብላ ወደ ቤት ሮጠች።

አዝመራ አጎረሰች፣ ለምለም በላች፣ አባቷ ወጡ፣ ዳስ ጣዮቹ አነሡ፣ ይማም ለካ። አዝመራ ልኩን ይዛ እየሮጠች ወደ ብረት ሥራ ቤቱ ተመለሰች፤ መስመሩ ቆመ፣ አበባዋ ዞረች። ብረቱም ተቆረጠ፣ በሩም ተሰቀለ።

በማግስቱ ሙሽራው ደጅ ቆሞ ለመነ፣ ለመነ። ልጃገረዶቹ ዘፍነው ሲጠግቡ በሩን ለቀቁት። አዝመራ ግን ይዛው ቀረች።

"ኧረ ልቀቂው፣ ይግባ እንጂ!" አሏት።

"ቆዩ፣ አንዴ ልያት" አለች። ዞራ ለምለምን አየቻት። ከዚያ በሩን በገዛ እጇ ከፈተችለት።