የተቀባው ዲሽና አንድ ሜዳይ

በአንድ ወቅት፣ ብዙም ባልራቀ ጊዜ፣ በአንድ ተራራ አናት ላይ የሠራዊቱ የሳተላይት ግንኙነት ጣቢያ ነበር። በረሃ ላይ ያለው ጦር ከጠቅላይ መምሪያው ጋር የሚነጋገረው በዚህ ጣቢያ ትልቅ ዲሽ በኩል ብቻ ነው። እኔ የጣቢያው ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላልና ታገሱኝ።

አንድ ቀን ትልቅ እንግዳ ሊጎበኘን ነው ተባለ። አዛዣችን ኮሎኔል ግቢውን አስጠረገ፣ ድንጋዩን ኖራ አስቀባ፣ ይህ አልበቃው ብሎ ዲሹንም ብርማ ቀለም እንድንቀባ አዘዘ። «አዘዙ» ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ዲሹ ፊት ለፊት ምልክቱ የሚገባበትና የሚወጣበት አፍ አለ፣ በስስ የፕላስቲክ ክዳን የተሸፈነ። ብርማ ቀለም ውስጥ ብረት ስላለበት እዚያ ላይ መቀባት ዲሹን መለጎም ነው። ቴክኒሻኑ ሃምሳ አለቃ ጉደታ ይህን ቢያስረዳው፣ ኮሎኔሉ ግማሹ የሚያብረቀርቅ ግማሹ አመድ የመሰለ ነገር ለእንግዳ አላሳይም አለ። ጉደታም ታዘዘ፤ ክዳኑን በገዛ እጁ ቀባ። ቀለሙን ከመጋዘን ፈርሜ ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ እኛ ግን የተመለስነው በሬሳ ነው።

በዚያው ቀን በረሃው ውስጥ ሹፌሩን ጨምሮ አሥራ ዘጠኝ ወታደሮችን ከነውሃቸው የጫነ መኪና ተገለበጠ። የሹፌሩ የዘርይሁን ደረት ተጎዳ፣ በርሜሎቹ ተደፉ፣ የተረፈው አንድ ጀሪካን ውሃ ብቻ ነበር። ሄሊኮፕተር ካልደረሰላቸው በውሃ ጥም ያልቃሉ። ሄሊኮፕተሩ ደግሞ ያሉበትን ቦታ ካላወቀ የትም አይሄድም።

የመገናኛ ባለሙያቸው አስር አለቃ ኦባንግ የሳተላይት መሣሪያውን አወጣ። መሣሪያው በሙቀቱ እየጋለ ራሱን ያጠፋል። ጥላ ሠራለት፣ በካርቶን አራገበለት፣ አልሆነም። በመጨረሻ ጀሪካኑን አነሳ። ዘርይሁን አጠገቡ ተኝቶ ውሃ ይለምን ነበር። ኦባንግ «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለው፤ መሣሪያውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ውሃውን ጠብታ ሳያስቀር አፈሰሰበት። መሣሪያው ቀዝቅዞ መሥራት ጀመረ፤ ድምፁ ግን በተለጎመው ዲሽ በኩል አልወጣ አለ።

በጠቅላይ መምሪያው የኔትወርክ ቁጥጥር ክፍል ተረኛዋ መቶ አለቃ ስንዱ ነበረች። ሥራዋ የሳተላይቱን አቅም ለየጦሩ ማከፋፈል ነው። ከበረሃው የሚመጣው ምልክት እንደ ክር ቀጥኖ አየችው። እንዲህ ያለ ደካማ ምልክት የሚያልፈው ሰፊ መስመር ሲያገኝ ነው፤ ሰፊው መስመር ደግሞ ለመምሪያው ጄኔራል ተይዟል፣ ከሰዓት በኋላ እንግዳውን በስክሪን ሰላም እንዲሉበት። ከጠዋት ጀምሮ ባዶውን ነው። እዚያ ቤት ግን ለአለቃ የተያዘ መስመር፣ ባዶም ቢሆን፣ አይነካም። አለቃዋን ብትጠይቀው በደብዳቤ አቅርቢ አላት። በደብዳቤ! ሰው እየሞተ! ስንዱ የጄኔራሉን መስመር ቆርጣ ለበረሃው ሰጠች። «መኪና ተገልብጧል፣ ውሃ የለም» የሚለው ተሰማ፤ ያሉበትን ቦታ የሚያመለክተው ቁጥር ግን እየተቆራረጠ ጠፋ። እሷንም ወዲያው አሰሯት። በዚያች ሰዓት በዚያ መስመር አስቸኳይ ትእዛዝ የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮስ የሚሉ አሉ። እነሱም እውነት አላቸው።

የተቆራረጠውን ድምፅ ጉደታ ጣቢያው ውስጥ ሰማ። ቀለሙን ከመፋቅ ሌላ መላ አልነበረም። ደንቡ ወደ ዲሹ አፍ ከመጠጋት በፊት ማሠራጫውን አጥፋ ይላል፤ ጨረሩ ሥጋ ያቃጥላል። ካጠፋው ግን የኦባንግ ድምፅ ይጠፋል፣ መሣሪያውን እንደገና የሚያቀዘቅዝ ውሃ ደግሞ የለም። ማሠራጫው እየሠራ ሴንጢ ይዞ ወጣ። ኮሎኔሉ ከታች ቆሞ፣ እንግዳው በር ላይ ደርሷል፣ ትእዛዝ ነው፣ ውረድ ይለዋል።

«ጌታዬ፣ ስጨርስ እወርዳለሁ» አለ ጉደታ።

ፋቀው። የቦታው ቁጥር ሳይቆራረጥ ገባ፣ ሄሊኮፕተሩም ተነሳ። የጉደታ ቀኝ ዓይን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አያይም።

አሥራ ስምንቱ ተረፉ። ዘርይሁን ሄሊኮፕተሩ ሊደርስ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ከንፈሩ ደርቆ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ምን መጣ መሰላችሁ? ቅጽ። አንድ ሜዳይ ተፈቅዷል፣ የአንድ ሰው ስም ጽፋችሁ ላኩ የሚል ቅጽ። ለሦስቱም ይሰጥ ብለን ለመንን፤ ቦታው ለአንድ ስም ብቻ ነው ተባልን። ሦስት ቀን ተሰብስበን ተጨቃጨቅን። ሦስቱንም አልጠየቅናቸውም፤ ምን ብለን እንጠይቃቸዋለን? ኮሎኔሉም ከወንበሩ ተነስቶ፣ እስከ ነገ ጠዋት ካልተስማማችሁ ጣቢያውን ወክዬ እኔ እቀበለዋለሁ አለ። ብዕሩን አውጥቷል።

እንግዲህ ፍረዱ፣ ግን ቶሎ ፍረዱ። ውሃውን ላፈሰሰው ነው፣ መስመሩን ለቆረጠችው፣ ወይስ ራሱ የቀባውን በዓይኑ ብርሃን ለፋቀው? ለማን ይገባል?