መልኩ ያላማረ ቲማቲም

በአንድ ወረዳ ከአካባቢው ገበሬዎች ቲማቲም እየተረከበ ድልህ የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። አንድ ቀን አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በር ላይ ቆሞ፣ «ይሄ ጠማማ ነው፤ ይሄ አፍንጫው ረዘመ፤ ይሄ ቁመና የለውም!» እያለ ገበሬውን ይመልስ ጀመር።

ተራው ምላሷ የሰላ አንዲት ባልቴት ጋ ደረሰ። ቲማቲሟ በጣም በስሏል፤ ከተመለሰ መበስበሱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሣጥኗን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ «እማማ፣ ፋብሪካችን ክብር አለው። መልከ መልካሙን፣ ዘንካታውን መርጠው ይምጡ!» አላት።

ባልቴቷ ከኋላው የሚያጓራውን መፍጫ አየት አድርጋ፣ «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሊፈጩት ነው ወይስ ልጅዎን ሊድሩለት?» አለችው።

ሠራተኛው በሳቅ ፈነዳ። ሥራ አስኪያጁም ፊቱ ከቲማቲሙ ብሶ ቀልቶ፣ የሁሉንም ሣጥን አስገባ።